ሙቀት አምራቹ ስብ፦ ከጋይንት ብርድ እስከ ውፍረት ሕክምና

(በተመራቂዎች ማኅበር የግንኙነት ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሕክምናው ዓለም አንድ አዲስ ነገር፣ ሐኪም ላልሆነውም በሚገባ አማርኛ» ብሎ ሲያዘኝ ብዙ አላመነታሁም። የምናገረው ስለ ስብ ነው። የተመረቅንበት ልብስ ዛሬም የሚበቃን እጃችንን እናውጣ ብል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚወጣው ጥቂት እጅ ነው፤ የእኔም አይወጣም። (ሳቅ)

ርዕሱን ግን ለቀልድ አልመረጥኩትም። ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው ምክንያት እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የነበረው ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት 8 ደረሱ፤ ከተማ ላይ ደግሞ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከመቶ 22 ሴቶች ከሚገባው በላይ ቀጫጭን ሆነው ተገኝተዋል። በእኛ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። እንግዲህ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ አንዱ በመብዛት ሌላው በማነስ ይታመማል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አገሬ ነው። እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ለማታውቁ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ አለላችሁ። በሥሩ እስቴ፣ ፋርጣና ላይ ጋይንት ተያይዘዋል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች፤ ስሟን ያወጣላት ሰው ብርዱን ቀምሶታል። ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ሰኔና ሐምሌ ብቻ ሳይሆን ጥቅምትና ኅዳርም ጋቢና ባና አያስጥሉም። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ስትወርዱ ደግሞ መሬቱ እየተሰነጠቀ፣ እየሞቀ ሄዶ በሽሎ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ደጋውና ቆላው፣ ብርዱና ሐሩሩ የአንድ ሕዝብ ነው።

ታዲያ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስብ ሙቀት የሚሠራ ስብ ነው። ዓለም የሚፈልገው ለውፍረት መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ከተወለደበት ደቂቃ ጀምሮ ለሌላ ጉዳይ ይፈልገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳናይ መድኃኒቱ ቢመጣ እንኳ ለማን እንደሚሆን አናውቅም።

እስቲ ከስቡ ልጀምር። ሥጋ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ስብን ያውቃል፤ ጮማውን፣ ሞራውን፣ ሻኛውን ለይቶ ያዝዛል። ይህ ሁሉ ነጭ ስብ የሚባለው ነው፤ ሥራው ማጠራቀም ነው፣ እንደ ጎተራ። ሰውነታችን ግን ሌላ ዓይነት ስብም አለው፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ የሚያደላ። ቀለሙን የሰጠው በየሕዋሱ ውስጥ የታጨቀው ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ብረት ያለበት ስለሆነ ያጠቁረዋል። ማይቶኮንድሪያ የሕዋስ ምድጃ ነው ተብለን የተማርነው ነው። ስለዚህ ነጩ ስብ ጎተራ ከሆነ ቡናማው ስብ ምድጃ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የዙሪኩ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር እ.ኤ.አ. በ1551 ክረምቱን ሙሉ የሚተኛ የተራራ እንስሳ በትከሻዎቹ መካከል «ስብም ሥጋም ያልሆነ» ነገር እንዳለው ጽፎ ነበር። ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ግን አራት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

አሠራሩን በጢስ ዓባይ ላስረዳ። ውኃው በቦይ ተጠልፎ ወደ ተርባይኑ ሲገባ መብራት ይሆናል፤ ጉልበቱ ሥራ ላይ ዋለ እንላለን። ያው ውኃ በፏፏቴው በኩል ሲለቀቅ ግን ወረደ፣ ጮኸ፣ ጢሱ ተነሣ፤ መብራት አልወጣም። በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ ከምግብ የተገኘው ጉልበት እንደ ተገደበ ውኃ ተጠራቅሞ በተርባይን በኩል ያልፋል፤ ውጤቱም ኤቲፒ የምንለው የሕዋስ ነዳጅ ነው። ቡናማው ስብ ውስጥ ግን ዩሲፒ-1 የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ፏፏቴውን ይከፍተዋል። ጉልበቱ ተርባይኑን ሳይነካ ይወርድና በቀጥታ ሙቀት ይሆናል። ይህ ፕሮቲን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተለይቶ ታወቀ። ቁልፉን የሚያዞረው ደግሞ ነርቭ ነው፤ ቆዳችን ብርድ ሲሰማው አንጎላችን ኖርኤፒነፍሪን የተባለውን መልእክተኛ ወደ ቡናማው ስብ ይልካል፣ ምድጃው ይቀጣጠላል። መንቀጥቀጥ ሳያስፈልግ ይሞቃል ማለት ነው።

የጉና እረኞች ይህን ስብ በስሙ ባያውቁትም በሥራው ያውቁታል። የፋርጣ በግ በውርጭ ሌሊት ትወልዳለች። ግልገሉ እርጥብ ሆኖ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ነፋስ እያገኘው ይተርፋል። የሚያተርፈው በኩላሊቱ ዙሪያና በሌላም ቦታ ይዞት የተወለደው ቡናማ ስብ ነው። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ያ ስብ ወደ ነጭነት ይለወጣል፤ በጉ ጸጉር አብቅሏል፣ መንቀጥቀጥም መሮጥም ችሏል፣ ምድጃው አያስፈልገውም። እናቱን ሳይጠባ ያደረ ግልገል ግን ጠዋት ደርቆ ይገኛል። ምድጃው ጠፍቶበት ሳይሆን ማገዶው አልቆበት ነው። እረኛው «እንገር ይጥባ» ብሎ ሌሊት የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰው ልጅም እንዲሁ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በደንብ መንቀጥቀጥ አይችልም። ቆዳው ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ ከውኃ የወጣ እርጥብ አካል ነው። የሚያሞቀው በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱ ዙሪያና በኩላሊቶቹ አካባቢ ያለው ቡናማ ስብ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ይህ ስብ ገና አልሞላለትም። ሲወለድ ታፍኖ የቆየ ሕፃንም ስቡ ቢኖረው ምድጃው በደንብ አይነድለትም፤ እሳት ያለ አየር አይነድምና። ነፋስ መውጫ ከፍታ ላይ ደግሞ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት፣ ከታዩት አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ከአሥር ሰባቱ ያህል የሰውነታቸው ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህ ጎንደር ከተማ ላይ፣ ባለሙያ ባለበት፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እንግዲህ ሐምሌ ላይ ጉና ግርጌ፣ ቀዳዳው ነፋስ በሚያስገባ ቤት የምትወልደውን እናት አስቡልኝ።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የምንማረው ይህ ስብ ልጅነት ሲያልፍ አብሮ ያልፋል ተብሎ ነበር። እኛም በፈተና ላይ እንደዚያ ጽፈን ነጥብ አግኝተንበታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ግን በአንድ ጊዜ የታተሙ ሦስት ጥናቶች ነገሩን ለወጡት። ካንሰር ለመፈለግ በሚያገለግለው ፔት ስካን ላይ በአንዳንድ አዋቂዎች አንገት ሥርና ከማጅራት አጥንት በላይ ስኳር አብዝቶ የሚበላ ነገር ይታይ ነበር። ቦስተን ላይ 1,972 ታካሚዎች ሲታዩ ከሴቶቹ 7.5 በመቶ፣ ከወንዶቹ 3.1 በመቶ ያህሉ የሚሠራ ቡናማ ስብ ተገኘባቸው። የተነሡት ግን በሞቀ ክፍል ውስጥ ነበር። ኔዘርላንድ ውስጥ 24 ወጣት ወንዶች 16 ዲግሪ በሆነ ክፍል ተቀምጠው ሲነሡ በ23ቱ ላይ ታየ። ከፊንላንድም ተመሳሳይ ማስረጃ መጣ። ከቀጫጮቹ ይልቅ በወፍራሞቹ ላይ ሥራው ደከም ያለ ነበር።

ይኼኔ ነው ዓለም የተነቃነቀው። ለውፍረት የምናውቃቸው መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በመብላት በኩል ነው። ዘመዶቻችን ከውጭ በሻንጣ ይዘውት የሚመጡት ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ የምግብ ፍላጎትን ነው የሚቀንሰው፤ በትልቁ ሙከራ ላይ በ68 ሳምንት ውስጥ ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀንሷል። ቡናማው ስብ ግን ከሌላው በር ነው የሚገባው። ጎተራው እንዳይሞላ ከመከልከል ይልቅ ምድጃውን እናቀጣጥል፤ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ስቡ ይንደድ ነው ሐሳቡ። ያማልላል፣ አይደል?

ታዲያ ተሞክሯል። ሚራቤግሮን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የሚሰጥ ነው። የሚይዘው ቤታ-3 የሚባል ተቀባይ ደግሞ ቡናማው ስብ ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለ12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች 200 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ሲሰጣቸው በእረፍት የሚያቃጥሉት ጉልበት በቀን 203 ካሎሪ ያህል ጨመረ። ይህ በግምት የግማሽ እንጀራ ጉልበት ነው። መጠኑ ግን ለሽንቱ በቀን ከሚፈቀደው 50 ሚሊ ግራም አራት እጥፍ ነበር፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ከፍ አድርጓል። ውፍረት ላለበት ሰው ደግሞ ግፊት መጨመር ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ላለነው ማስረዳት አያሻም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ተከታይ ጥናት 14 ሴቶችን በ100 ሚሊ ግራም ለአራት ሳምንት ተከታተለ። ቡናማው ስብ ነቃ፤ ሰውነታቸው ስኳርን የሚጠቀምበት መንገድ ተሻሻለ፤ ጥሩው ኮሌስትሮል ጨመረ። ክብደታቸው ግን አልተነቃነቀም።

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነውና። ሚዛኑ አልተነቃነቀም፣ ደሙ ግን ተሻሽሏል። በ2021 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ከ52,000 በላይ ታካሚዎች ምስል ተገምግሞ ቡናማ ስብ ከታየባቸው ሰዎች የዓይነት 2 ስኳር በሽታ ያለባቸው 4.6 በመቶ፣ ካልታየባቸው ደግሞ 9.5 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ ውፍረት ባለባቸውም ላይ ነበር። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ቢሆንም አቅጣጫው ተመሳሳይ ነው፦ ይህ ስብ ለመቅጠን ከሚሰጠን ጥቅም ይልቅ ስኳርንና የደም ቅባትን በማጽዳት የሚሰጠን ሊበልጥ ይችላል። ወፍራም ሰውን «ቅጠን» ከማለት «ስኳርህ ይስተካከል» ማለት ይቀላል፤ ለኩላሊቱና ለዓይኑም የሚበጀው እሱ ነው።

ብርዱስ? ማስትሪኽት ላይ የስኳር በሽታ ያለባቸው ስምንት ወንዶች ለአሥር ቀን በየቀኑ ለሰዓታት 14 እና 15 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በ43 በመቶ ተሻሻለ። 14 ዲግሪ ማለት እንግዲህ ለእኛ ለጋይንቶች ተራ ጠዋት ነው፤ እነሱ በማሽን የሚያመጡትን እኛ በነፃ አግኝተነዋል። (ሳቅ) ቀልዱን ትተን ግን፣ ለውጡ የመጣው በአብዛኛው ከጡንቻቸው እንጂ ከቡናማው ስብ አልነበረም። ብርድ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ያስርባልም። ከብርድ ገብቶ ትኩስ ቂንጬ በቅቤ የበላ ሰው ያቃጠለውን በአንድ ሳህን መልሶታል። ስለዚህ ልብ ወይም ግፊት ያለበት ሰው ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ በረዶ ውኃ ውስጥ እንዳይገባብኝ።

«በርበሬስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጃፓኖች ከማያቃጥል ቃሪያ የሚገኘውን ንጥረ ነገር ሞክረው ቡናማውን ስብ በመጠኑ እንደሚያነቃ አሳይተዋል። በቀን ሁለት ሰዓት 17 ዲግሪ ላይ ለስድስት ሳምንት መቀመጥም የሰውነት ስብን በጥቂቱ ቀንሷል። ግን በርበሬ ብቻውን ቢያከሳ ኖሮ ዶሮ ወጥ የሚወድ ወፍራም ሰው በአገራችን ባልተገኘ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሳልናገር ብቀር ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ፏፏቴውን በኃይል ከፍቶ ስብ የሚያቃጥል ኬሚካል ዱሮ ተገኝቷል፤ ዳይናይትሮፌኖል ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ነው ጉዳቱ የታየው። በ1933 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የመክሻ መድኃኒት ሆኖ ወጣ፤ እውነትም ሰው ያከሳ ነበር። ነገር ግን ቡናማውን ስብ ብቻ ለይቶ አይነካም፣ የመላ ሰውነትን ምድጃ ነው የሚከፍተው፤ ማጥፊያም የለውም። ሰዎች በገዛ ሙቀታቸው ሞቱ፣ ሌሎች የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያዛቸው። በ1938 እ.ኤ.አ. ታገደ። ዛሬም ግን «ስብ አቃጣይ» እየተባለ በኢንተርኔት ይሸጣል። ልጆቻችሁ ስፖርት ቤት የሚሄዱ ከሆነ ምን እየዋጡ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ እዚህ ላይ ይዞራል። ቦስተንና ማስትሪኽት የአዋቂ ሰው ቡናማ ስብ አገኘን ባሉበት በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ. ከእኛው ከጎንደር ሌላ ጽሑፍ ታትሞ ነበር። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በገጠር ጎንደር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸውን የስኳር ሕሙማን አጥንተው፣ ብዙዎቹ ድሆች፣ ቀጫጮች፣ በእርሻ የሚተዳደሩ ሰዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ አለ ወይ የሚለው የተዘጋ መዝገብ እንደገና ይከፈት ሲሉም ጠየቁ። መዝገቡ ተከፍቷል። በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን በሽታ ዓይነት 5 ብሎ ተቀብሎታል።

አያችሁ ልዩነቱን? አዲስ አበባ ቦሌ ላይ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ ስኳር በሽታ ማገዶ በዝቶ እሳት የደከመበት በሽታ ነው። ምድጃ አቀጣጣይ መድኃኒት ቢመጣ ለእሱ ሊበጀው ይችላል። ከስማዳ በቅሎ ተከራይቶ፣ ከዚያ በመኪና ተሳፍሮ ሆስፒታል የሚደርሰው ቀጭን ገበሬ ስኳር በሽታ ግን ሌላ ነው፤ ማገዶው ራሱ የለም። ለእሱ ስብ የሚያቃጥል መድኃኒት መስጠት ቤቱን ለማሞቅ ምሰሶውን እንደ መንደድ ነው። የሁለቱም ካርድ ላይ ግን «ስኳር በሽታ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ጋይንት ላይ፣ እስቴ ላይ፣ ስማዳ ላይ የምትሠሩ ወጣት ሐኪሞች፦ መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት ሚዛንና ሜትር ያዙ፤ ምን በልቶ እንደከረመም ጠይቁ። ከአውሮፓ የመጣ መመሪያ ስለ ወፍራም ሰው ነው የሚያወራው፤ የፊታችሁ ሰው ወፍራም ላይሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር አለኝ።

መጀመሪያ ለራሳችን ለከተሜዎቹ። የምድጃው መድኃኒት ገና አልመጣም። ወደፊት ሊመጣ ይችላል፤ ምርምሩ እውነተኛ ነው። እስኪመጣ ግን በእግር መሄድን፣ ጣፋጭ መጠጥ መተውን፣ ቅቤና ዘይት መመጠንን፣ ግፊትና ስኳር በየጊዜው መለካትን የሚተካ ነገር የለም። አንድ ነገር ደግሞ ከአንደበታችን እናስተካክል። አገር ቤት ስንገባ እናቶቻችን «ወዛሽ፣ አማረብሽ» ይሉናል፤ ፍቅር ነው፣ ረሃብን ያየ ትውልድ ውፍረትን ቢመርቅ አይፈረድበትም። እኛ ሐኪሞች ግን ወፍራሙን ታካሚ መስደብም ማሞገስም የለብንም። ሰውነቱ ረሃብን እንዲችል የተሠራ ነው፤ ጎተራ መሙላት ስንፍና ሳይሆን የአያት ቅድመ አያት ጥበብ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ታካሚውን አያሸማቅቅም።

ሁለተኛው ለሕፃናቱ። ከዚህ ሁሉ የቡናማ ስብ እውቀት ዛሬውኑ ሕይወት የሚያድነው ይህ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ ይደረቅ። ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ ይደረግ፤ ባናውና ጋቢው ከላይ ይልበስ፤ ራሱ ላይ ቆብ ይደረግ። እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። በየመንደራችን እንገሩን አውጥቶ መድፋትና ለሕፃኑ ቅቤ መስጠት ዛሬም አለ። ለእናቶቻችን የምንነግራቸው በሚያውቁት ይሁን፦ ግልገሉን እንገር የምታጠቡት ለምንድን ነው? ልጃችሁስ ከግልገሉ በምን ያንሳል? ያለ ጊዜው የተወለደው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእናቱ ደረት አይነሣ። ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ላይ የተጀመረ ነው፤ በአገራችንም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ጥናት ተደርጎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ ያስጠናው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሥራ ደግሞ፣ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው እንደተወለደ ሲጀመር በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ25 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ኢንኩቤተር መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫው አይደርስም። የእናት ደረት ግን መብራት አይጠብቅም። እናቲቱ ብትደክም አባት ደረቱን ይስጥ፤ የጋይንት ወንድ ልጅ ማቀፍ አያንሰውም።

ሦስተኛው ለምርምሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ስሜን ተራራ ላይ አምባራስ የሚኖሩ ወገኖቻችን 3,530 ሜትር ላይ ሆነው የደማቸው ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ እንዳለ ሰው መሆኑ ታይቶ ዓለምን አስገርሟል። ሳይቤሪያ ውስጥ ደግሞ የያኩት ሕዝብ ቡናማ ስብ በሙቀት ካሜራ፣ የአንገት ሥርን ቆዳ በመለካት ተጠንቷል። ፔት ስካን አያስፈልግም፤ ካሜራውን በጀርባ ቦርሳ ይዞ መውጣት ይቻላል። እንግዲህ ከጉና ትከሻ እስከ በሽሎ አፋፍ ያለውን አገር አስቡ፤ ቋንቋው አንድ፣ ዝምድናው አንድ፣ ሙቀቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የሚለያይ። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው፣ ተማሪው አለ። ብርድ ላይ የሚኖር፣ እየተራበ የሚከርም ሰው ምድጃውን በምን ያነዳል? ስኳሩስ ምን ይሆናል? ይህን ብናውቅ ለቦሌውም ለስማዳውም ይጠቅማል።

ግን አደራ የምለው አለ። ሥራውን የሚመራው የእኛ ባለሙያ ይሁን። የጉና ገበሬ «ደምህን ስጠን፣ አንገትህን አሳየን» ተብሎ ውጤቱ በማያነበው መጽሔት ላይ ወጥቶ እንዳይቀር። ለመለካት የወጣ ቡድን ቢያንስ ቴርሞሜትርና የሕፃን ቆብ ለጤና ኬላው ትቶ ይውረድ፤ ያገኘውንም ተመልሶ ለሕዝቡ በአማርኛ ይንገር።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ ላቅርብና ልጨርስ። እያንዳንዳችን ዛሬ ለእራት የምናወጣውን ያህል ብናዋጣ፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለሚገኙ የማዋለጃ ክፍሎች ቴርሞሜትር፣ የሱፍ ቆብና የእናት መታቀፊያ ጨርቅ ማዳረስ እንጀምራለን። ሹራብ መሥራት የምትችሉ እናቶችና እህቶች ቆቡን ለእናንተ ትቻለሁ። የመመዝገቢያው ወረቀት በሩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስማችሁን ሳትጽፉ እንዳትወጡ።